ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተን ገባን፤ የሣር፣ የማዳበሪያና የዛፍ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተን ገና መግባታችን ነው። ቤቱ ለወራት ባዶ ስለቆየ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ጎረቤታችን «ካውንቲው ሳይመጣባችሁ እጨዱት» ብሎናል። ስንት ኢንች ሲደርስ ነው ጥፋት የሚሆነው?

ጋራዡ ውስጥ በቤንዚን የሚሠራ የቅጠል ብሎወር (ቅጠል በአየር የሚገፋ ማሽን)፣ 32-0-4 የሚል ማዳበሪያ እና አረም ገዳይ የተቀላቀለበት ሌላ የማዳበሪያ ከረጢት ተትቶልናል። መጠቀም ይፈቀዳል? ከቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ መደብ ሠርተን ጎመንና ጤና አዳም ብንተክልስ ችግር ያመጣል? በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ያለው ትልቅ የሜፕል ዛፍ ደግሞ በመኪና ስንወጣ ቅርንጫፉ እይታ ይከልለናል። ራሳችን መቁረጥ እንችላለን? ሰፈሩ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አለው።


መልስ፦ ሣር አጫጅ

እንኳን ደስ አላችሁ፣ የደስታ ቤት ያድርግላችሁ።

ቁጥሩ 12 ኢንች ነው። በካውንቲው ሕግ ምዕራፍ 58 መሠረት ሣርና አረም ከ12 ኢንች (30 ሳንቲ ሜትር ገደማ) በላይ እንዲያድግ መተው ጥፋት ነው፤ እናንተ ጋ ጉልበት ከደረሰ አልፏል። የሚከታተሉት የካውንቲው የቤቶች ሕግ አስከባሪዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ሰው ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውሎ ሲጠቁም ነው። ተቆጣጣሪው አይቶ ካረጋገጠ ቀነ ገደብ ያለው ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ቀኑ ካለፈ ካውንቲው ራሱ ሰው ልኮ ያሳጭድና ሂሳቡን በባለቤቱ ላይ ያስባል፤ ያ ሂሳብ ደግሞ እናንተ ሰው ቀጥራችሁ ከምትከፍሉት ይበልጣል። ስለዚህ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ፣ የቀድሞው ባለቤት ስም ቢኖርበት እንኳ፣ ጉዳዩ የአሁኑ የንብረቱ ባለቤት ነው። ደውላችሁ «በዚህ ቀን ተረክበናል፣ በዚህ ቀን ይታጨዳል» በሉ። ካጨዳችሁ በኋላ ቀኑ የሚታይበት ፎቶ አንሱ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግና ታኮማ ፓርክ የራሳቸው የከተማ አስተዳደርና ደንብ አላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ስለሌለው የካውንቲው ሕግ በቀጥታ ይመለከታችኋል። ኤችኦኤው ደግሞ ከካውንቲው የጠበቀ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁ የኤችኦኤ ሰነድ ውስጥ ስለ ግቢ አያያዝ የሚያወራውን ክፍል ፈልጉ።

አሁን ወደ አጨዳው። ጉልበት የደረሰ ሣር በአንድ ቀን ወደ 3 ኢንች አይወርድም። የሚሞክር ሰው ማሽኑንም ሣሩንም ይጎዳል። መጀመሪያ ግቢውን በእግር ዙሩት፤ ረጅም ሣር ውስጥ ድንጋይ፣ ሽቦ፣ የውሃ ጎማ፣ በዚህ በጸደይ ወቅት ደግሞ የጥንቸል ጎጆ ይደበቃል። ሣሩ ጤዛ ወይም ዝናብ ካለበት ተዉት፤ እርጥብ ሣር ከማጨጃው ሆድ ሥር ተጣብቆ ማሽኑን ያንቀዋል። ከዚያ በትሪመር (በእጅ የሚያዝ ሣር መቁረጫ) ወደ 8 ኢንች አውርዱ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ማጨጃውን መጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጋችሁ፣ በሙሉ ስፋቱ ሳይሆን በግማሽ ስፋቱ እየበላችሁ ሂዱ። ሌላ ሦስት አራት ቀን ቆይታችሁ ወደ 4 ኢንች አምጡት። በዚህ አካባቢ በብዛት ያለው ቶል ፌስኪዩ የሚባለው ሣር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከ3 እስከ 4 ኢንች ሲቆይ ነው የሚያምርበት።

ለምን በደረጃ? ረጅም ሣር አረንጓዴው ከላይ ነው ያለው፤ ሥሩ አጠገብ ያለው ግንድ ነጭ ነው። ያን ነጭ ክፍል በአንድ ጊዜ ለፀሐይ ስትገልጡት ይገረጣል፣ ሥሩም ይደክማል። ባዶ የሚሆነውን ቦታ ክራብግራስ የሚባለው አረም ይወርሰዋል፤ ዘሩ የሚጠብቀው አፈር ላይ የሚያርፍ ብርሃንና ሙቀት ነው። በአንድ አጨዳ ከርዝመቱ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ማጨጃው መሃል ላይ ከታነቀ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፤ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን አውጡ። ሞተሩ ቢጠፋም ምላጩ በተጣበቀው ሣር ተወጥሮ ሊቆይ ይችላል፣ ስትነኩት ይፈናጠራል። ከታጨደ በማግሥቱ የሣሩን ጫፍ በቅርብ እዩት፦ ንጹሕ ቁርጥ ካለ ምላጩ ስለታም ነው፤ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተበጣጥሶ ነጣ ካለ ደንዝዟል፣ ይሳል።

የመጀመሪያው አጨዳ ክምር ሣሩን ስለሚያፍነው ሰብስቡት። የምታስቀምጡበት ከረጢት የወረቀት ይሁን፤ ፕላስቲክ ከሆነ የጓሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጥለውት ነው የሚሄዱት። ከዚያ በኋላ ያለውን አጭር የሣር ቁርጥራጭ ግን እዚያው ተዉት፤ በስብሶ ናይትሮጅኑን ለአፈሩ ይመልሳል። ወደ አስፋልት መጥረግ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃው መክተት ክልክል ነው።


መልስ፦ አፈርና ውሃ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። እኔ ጋራዡ ውስጥ ወዳሉት ሦስት ዕቃዎች ልሂድ።

ብሎወሩን አትጠቀሙበት። በቤንዚን የሚሠራ ብሎወር በካውንቲው ውስጥ መሸጥ ከጁላይ 1 ቀን 2024፣ መጠቀም ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተከልክሏል። ክልከላው ቀጥራችሁ የምታሠሩትንም ሰው ይመለከታል፤ ስለዚህ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት «ብሎወርህ በባትሪ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሣር ማጨጃና ትሪመርን ይህ ሕግ አይነካም። የድምፅ ሕጉን ግን አትርሱ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሥራ ቀን እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ደግሞ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት የፀጥታ ጊዜ ነው። (በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

አረም ገዳይ የተቀላቀለበትን ማዳበሪያም ተዉት። ካውንቲው በ2015 ባወጣው ሕግ ሣርን ለማሳመር ብቻ ሰው ሠራሽ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ በግል ግቢ ሣር ላይ መርጨት ተከልክሏል። ብዙ ሰው «ያ ሕግ በፍርድ ቤት ወድቋል» ይላል። በ2017 የግል ግቢን የሚመለከተው ክፍል በእርግጥ ወድቆ ነበር፤ ነገር ግን በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮት ሕጉ ተመልሷል፣ አሁን ይሠራል። ዕቃው ሱቅ ውስጥ መሸጡ አያሳስታችሁ፤ ሽያጩ አልተከለከለም፣ ሣር ላይ መጠቀሙ ነው የተከለከለው። ከረጢቱን ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት። ደርዉድ የሚገኘው የሼዲ ግሮቭ ጣቢያ የካውንቲው ነዋሪዎችን አደገኛ የቤት ውስጥ ኬሚካል ይቀበላል፤ የብሎወሩን ቤንዚንም እዚያው ውሰዱት።

አረሙን ታዲያ ምን እናድርገው ካላችሁ፣ ዝናብ በዘነበ ማግሥት አፈሩ ለስላሳ ሲሆን ረጅም ሹል ባለው መንቀያ ከነሥሩ አውጡት። ዳንዴሊዮን ሥሩ እንደ ካሮት ወደ ታች ይወርዳል፤ መሃሉ ላይ ከተበጠሰ ከቀረው ክፍል እንደገና ያቆጠቁጣል። ክራብግራስን የሚያሸንፈው በዋናነት የሣሩ ከፍታ ነው። «ኦርጋኒክ ነው» ተብሎ የሚሸጥ የበቆሎ ግሉተን ዱቄትም አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አረም እንዲከላከል የሚመከረው መጠን ለ1,000 ስኩዌር ፊት 20 ፓውንድ ነው። ናይትሮጅኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሆነ 1.8 ፓውንድ ናይትሮጅን ማለት ነው፤ ይህ ከሜሪላንድ የማዳበሪያ ሕግ ጣሪያ በእጥፍ ይበልጣል።

ጣሪያው ይኸው፦ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ሣር በአንድ ጊዜ ከ0.9 ፓውንድ በላይ ናይትሮጅን አይጨመርም፤ ከዚያም ውስጥ በውሃ ቶሎ የሚሟሟው ከ0.7 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ይህ የስቴቱ ሕግ ነው፣ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ሜሪላንድን በሙሉ ይገዛል። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ የሚፈቀደው የአፈር ምርመራ ሲያዝ ወይም አዲስ ሣር ሲዘራ ብቻ ነው። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 የቤት ባለቤት ማዳበሪያ መጨመር አይችልም። መሬቱ በረዶ ከሆነ ወይም ከባድ ዝናብ እየመጣ ከሆነም አይጨመርም። በእግረኛ መንገድና በመኪና መግቢያ ላይ የፈሰሰ ፍሬ ካለ ተጠርጎ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ማዳበሪያን ለበረዶ ማቅለጫ መበተንም ክልክል ነው።

የጠበቀበት ምክንያት አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የዘነበ ዝናብ በሮክ ክሪክና በአናኮስቲያ ወንዞች አድርጎ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ይገባል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ውሃው ውስጥ አልጌ ያበዛሉ። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ዓሣና ሸርጣን መተንፈሻ ያጣሉ።


አዲስ ገቢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሣሩን ለካነው፣ 2,500 ስኩዌር ፊት ያህል ነው። 32-0-4 ካለው ከረጢት ስንት እንጨምር? አሁን ማድረግ ይሻላል ወይስ እንጠብቅ?


መልስ፦ አፈርና ውሃ

ሦስቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሽ መቶኛ ናቸው። መሃሉ ዜሮ ስለሆነ በፎስፈረስ በኩል ደህና ነው። የእናንተ ሣር 2.5 ጊዜ 1,000 ነው፤ ስለዚህ የናይትሮጅኑ ጣሪያ 2.5 ሲባዛ በ0.9፣ 2.25 ፓውንድ ይሆናል። 2.25ን ለ0.32 ስታካፍሉት 7 ፓውንድ ይመጣል። ከሰባት ፓውንድ አትለፉ። የከረጢቱን ጀርባ ገልብጡና «ቀስ ብሎ የሚለቅ ናይትሮጅን» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከጠቅላላው ናይትሮጅን ቢያንስ ሩቡ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ስሌቱ ይይዛል። ምንም ከሌለው በ0.9 ፈንታ በ0.7 አስሉት፤ 5.4 ፓውንድ ይሆናል።

አገር ቤት እርሻ የሚያውቅ ሰው ዩሪያና ዳፕ በደንብ ያውቃል፤ እዚህም ሕጉን በእነሱ መረዳት ይቀላል። ዩሪያ 46-0-0 ነው፣ ሁሉም ቶሎ የሚሟሟ ነው፤ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ1.5 ፓውንድ ማለፍ የለበትም። ዳፕ 18-46-0 ነው፤ መሃል ያለው 46 ፎስፈረስ ስለሆነ የአፈር ምርመራ ካላዘዘው ለቆመ ሣር አይፈቀድም።

ሰባቱን ፓውንድ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ግማሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በትኑት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ መስመር መስመር ሠርቶ ይበቅላል። መበተኛውን የምትሞሉት ሣሩ ላይ ሳይሆን አስፋልት ላይ ይሁን፤ ሣር ላይ ከፈሰሰ ያንን ቦታ ያቃጥለዋል፣ ከአስፋልት ግን ይጠረጋል። ከግቢያችሁ ጀርባ ጅረት ካለ ደግሞ እየተሽከረከረ የሚበትን ተራ መበተኛ 15 ጫማ መራቅ አለበት። ጎኑን የሚጋርድ መከላከያ ካለው ወይም ወደ ታች ብቻ የሚጥል ዓይነት ከሆነ 10 ጫማ ይበቃል።

ጊዜውን በተመለከተ እኔ ጠብቁ እላለሁ። ቶል ፌስኪዩ በጸደይ ብዙ ናይትሮጅን ሲያገኝ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ለስልሶም ጁላይ ላይ ሙቀትና እርጥበት ሲመጣ ብራውን ፓች የሚባለው ፈንገስ ይይዘዋል። ሴፕቴምበር ላይ ስጡት። የዚያን ጊዜ ባዶ የሆነውን ቦታ በሬክ ጭራችሁ ዘር ጨምሩበት፤ ለባዶ መሬት በ1,000 ስኩዌር ፊት ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ይበቃል። እስከዚያው የአፈር ምርመራ አሠሩ፦ ከግቢው ከ10 እስከ 12 ቦታ፣ ከ3 እስከ 4 ኢንች ጥልቀት እያወጣችሁ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅሉና ከዚያ ላይ ናሙናውን ላኩ። ከአንድ ቦታ ብቻ የተወሰደ ናሙና ስለ ግቢው ምንም አይነግራችሁም።


መልስ፦ የታኮማው

ስለ ሜፕሉ፦ አትንኩት። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ያለው መሬት የሕዝብ መንገድ ይዞታ ነው፣ ዛፉም እንዲሁ። ከ1914 ጀምሮ ባለው የሜሪላንድ የመንገድ ዳር ዛፍ ሕግ መሠረት እዚያ ላይ ዛፍ ለመቁረጥ ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፍ ለመግረዝና አዲስ ለመትከልም ከስቴቱ የደን አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይዞታው አንዳንድ ቦታ የእግረኛ መንገዱን አልፎ ወደ ግቢያችሁ ይገባል። ቤቱን ስትገዙ በተሰጣችሁ የቦታ ፕላን ላይ የመንገዱ መስመር የት እንደሚያልፍ እዩ።

እናንተ ማድረግ ያለባችሁ 311 ደውላችሁ የመንገድ ዛፉ እንዲገረዝ መጠየቅ ነው፤ አገልግሎቱ የካውንቲው ነው። «ዛፉ ትልቅ ነው» ብቻ ካላችሁ ጥያቄው ሊጓተት ይችላል። መኪናው ውስጥ በሹፌሩ ዓይን ከፍታ ሆናችሁ ፎቶ አንሱና «ከመኪና መውጫችን ስንወጣ ከግራ የሚመጣ መኪና አይታይም» በሉ። የደኅንነት ጉዳይ መሆኑ ይጻፍ። ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ገመድ ከነካ ግን ለመብራት ኩባንያው ነው የሚነገረው፤ መሰላል አቁማችሁ በፍጹም እንዳትሞክሩ።

ከጎረቤት ዛፍ ወደ እናንተ የሚዘልቀው ቅርንጫፍ ሌላ ነገር ነው። በሜሪላንድ የ1988 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት እስከ ወሰናችሁ ድረስ ያለውን በራሳችሁ ወጪ መቁረጥ ትችላላችሁ። ወሰኑን ተሻግሮ መቁረጥ ወይም ጎረቤት ግቢ መግባት ግን አይቻልም። መብት ቢሆንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ታኮማ ፓርክ ከተማ ክልል ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በገዛ ግቢያችሁ ያለውን ዛፍም ቢሆን ዙሪያው 24 ኢንች ከደረሰ ያለ ከተማው ፈቃድ መቁረጥ አትችሉም። የሚለካው ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ላይ በሜትር ዙሪያውን በመጠምጠም ነው። ዲያሜትሩ 8 ኢንች እንኳ ስላልሞላ ብዙ ሰው «ትንሽ ዛፍ ነው» ብሎ ይሳሳታል።


መልስ፦ ጓሮ ጎመን

ጎመኑን የሚከለክል የካውንቲ ሕግ የለም። የ12 ኢንቹ ሕግ ስለ ሣርና አረም እንጂ ስለተከላችሁት አትክልት አይደለም። የሚያስፈልገው የተተከለ መሆኑ ከመንገድ ሲታይ መለየቱ ነው፦ መደቡን በእንጨት ወይም በድንጋይ ክበቡት፣ መሃሉን በመልች (አፈር መሸፈኛ የእንጨት ፍርፋሪ) ሸፍኑት፣ ዳር ዳሩን ያለውን ሣር አጭር አድርጉት። አረም የዋጠው መደብ ተቆጣጣሪ ፊት አረም ነው።

የሚያስቸግረው ኤችኦኤው ነው። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሜሪላንድ ሕግ ኤችኦኤ የዝናብ ውሃ የሚያሰርግ መደብ፣ ንብና ቢራቢሮ የሚስብ አበባ፣ ውሃ የማይፈልግ ተክልን የመሰለውን ያለ አግባብ መከልከል አይችልም፤ ሣር ብቻ ትከሉ ብሎ ማስገደድም አይችልም። አትክልት ግን በስም አልተዘረዘረም። ስለዚህ የፊት ለፊቱን ከመቆፈራችሁ በፊት ማመልከቻ አስገቡ። የመደቡን ቦታና መጠን የሚያሳይ ንድፍ፣ የተክሎቹን ዝርዝርና መቼ እንደሚነሱ ጻፉበት። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የጓሮውን አብዛኛው ኤችኦኤ እምብዛም አይቆጣጠረውም፤ ፀሐዩ ከደረሰው እዚያ መጀመር ይቀላል።

ከመቆፈራችሁ በፊት የመሬት ውስጥ መስመሮችን ወደሚያመለክተው አገልግሎት 811 ደውሉ፤ ነጻ ነው። ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ቀለም ይቀባል፦ ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ ሰማያዊ ውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ መስመር። ከምልክቱ ግራና ቀኝ 18 ኢንች ውስጥ በማሽን አይቆፈርም፣ በእጅ በጥንቃቄ ነው። ወደ ጋራዥ የተሳበ የግል ሽቦና የሣር ማጠጫ ቱቦን እነሱ አያመለክቱም።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግድግዳው ሥር ጎመን አትትከሉ። የድሮው ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነበረበት፣ እየተፋቀ አፈሩ ላይ ወድቋል፤ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ አቧራውን ይይዛል። አፈሩን ለሊድ አስመርምሩ፣ ወይም ንጹሕ አፈር ባለበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉ። ጎመኑን በጁላይ መጨረሻ ዝሩት፣ በችግኙ መካከል 18 ኢንች ተዉ። ውርጭ ሲመታው ነው የሚጣፍጠው።


መልስ፦ ከአናንዴል

ቨርጂኒያና ዲሲ ላላችሁ፦ ፌርፋክስ ካውንቲም 12 ኢንች ነው፤ ግን ከግማሽ ኤከር ባነሰ ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። ዲሲ 10 ኢንች ነው። በቤንዚን የሚሠራ ብሎወር ዲሲ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከልክሏል። ዲሲ ውስጥ ዙሪያው 44 ኢንች የሞላ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ 100 ኢንች ከደረሰ ደግሞ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ጭራሽ አይነካም።

ፌርፋክስ ቤት የምትገዙ አጥሩ አጠገብ ቀርከሃ ካለ ልብ በሉ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በሥሩ እየሮጠ የሚስፋፋ ቀርከሃ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ መንገድ ካለፈ ተጠያቂው የመሬቱ ባለቤት ነው፣ ማን እንደተከለው አይጠየቅም። ከላይ መቁረጥ ብቻውን አያቆመው፤ የሚሮጠው ከመሬት በታች ባለው ሥር ነው። በወሰኑ ላይ 30 ኢንች የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ወፍራም የፕላስቲክ መከለያ አስገቡ፣ ጫፉ ከአፈሩ በላይ 2 ኢንች ይውጣ። ያ 2 ኢንች ካልቀረ ሥሩ ከላይ ተሻግሮ ይሄዳል፣ ማለፉም አይታያችሁም። በዓመት አንዴ መከለያውን ዞራችሁ ጫፉን የተሻገረ ሥር ካለ በመቀስ ቁረጡት።